በአንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን

ውድ ወንድሜ ህሩይ፣

ስልክህን ስለማታነሣ ነው የምጽፍልህ። እኔ እዚያው ሰፈራችን ቀሐ ነኝ። ደጁ ሲንኳኳ አሁንም አንተ እየመሰልኸኝ እነሣለሁ።

ፊደል አንተ አስቆጠርኸኝ፤ የቀረውን ከመጠቅለያ ወረቀት ለቀምሁት። ሰሞኑንም በርበሬ የተጠቀለለበት የመጽሔት ገጽ አገኘሁ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ የሮማንቲክ ዘመን በሚሉት ጊዜ፣ የአውሮፓ ነገሥታት ጽሑፉን ሁሉ በሳንሱር ሲያፍኑ ሠዓሊዎች እያተሙ ስለሸጧቸው የፌዝ ሥዕሎች ያወራል። በአንደኛው ሊቃውንት ጠረጴዛ ከበው ተሰብስበዋል፤ የሁሉም አፍ በጨርቅ ታስሯል። ብቻዬን ሳቅሁ። የማሳየው ሰው ሳጣ አጠፍሁት።

አንተን አሰብሁ። አያ መልካሙ የሰበካ ሊቀ መንበር ሆኖ የመነኮሳይቶቹን ጎጆ ሲያስፈርስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጌታን ከሚገርፉት አንዱን ከነሪዙ እሱን አስመስለህ ሣልኸው። የድሮ ሠዓሊዎች ክፉን ሰው በጎን እንደሚሥሉትም ፊቱን በጎን፣ ባንድ ዓይን አደረግኸው። ሽማግሌዎቹ "ሁለተኛ ዓይን ጨምርለትና ታረቁ" ቢሉህ "ዓይን የሚያድል እግዜር ነው" ብለህ አምባ ጊዮርጊስ ሄደህ ቀረህ።

አሁን የሆነውን ስማ። አያ መልካሙ የጥምቀት እንግዳ ሳይመጣ ብሎ ሌላ ሠዓሊ አስመጥቶ ዓይኗን አስጨመረ። ፊቱ ግን በጎን ነውና ሁለቱም ዓይኖች ባንድ ጉንጭ ላይ ተደረደሩ። ቀድሞ ቀና ብሎ የማያየው ሁሉ አሁን እሱን ሊያይ ይመጣል። ጎረቤታችን ብርቱካን በሰው ፊት "ምነው አያ መልካሙ፣ አንዷን ብታውሰኝ? የእኔዋ ፈዛለች" አለችው።

ትናንት ቤቴ መጣ። ግባ ብለው ደጅ ቆመ።

"የትነበርሽ፣ ለወንድምሽ ጻፊለት።"

"ምን ብዬ?"

"መጥቶ ያችን ዓይን ያጥፋልኝ። ባንዷ ይሻለኛል።"

"የመነኮሳይቶቹ ጎጆስ?"

መሬት መሬት አየ። "እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ዓይኗ ትጥፋ" አለኝ።

ይህችን መልሱን ልተዋት አስቤ ነበር፤ ሰምተህ እንዳትቀርብኝ። ቤቱ ሰፍቶኛል። ማታ ማታ የራሴን ድምፅ ለመስማት ያን የመጽሔት ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ግን አንተን ለማግኘት ብዬ እንኳ ከነገሩ ቆርጬ ላስቀርብህ እጄ እምቢ አለ። ሁሉን ጽፌልሃለሁ፤ አንተ ወስን።

ብትቀር አልፈርድብህም። አላዝንም ልል ግን አልችልም።

እህትህ የትነበርሽ