የአራቱ ጠረጴዛዎች መምህርት የእትዬ ሚዛን የሕይወት ታሪክ

በሚያዝያ ወር 1951 ዓ.ም. በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ አዋላጇና አያታቸው ከውስጥ፣ አናጢው አባታቸው ከበር ውጭ ባሉበት እትዬ ሚዛን ተወለዱ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት ሆኑ። በ1976 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል።

በባሕርያቸው ተጠራጣሪ ነበሩ። የሰርግ ጥሪ ሲደርሳቸው እንኳ ቀኑን ከሙሽራዋ እናት ያጣሩ ነበር። «ገባኝ» የሚል ተማሪማ ፈጽሞ አያምኑም። ስለዚህ በክፍላቸው አራት ጠረጴዛ ዘረጉ፤ በአንዱ ሚዛን፣ በአንዱ ገመድ፣ በአንዱ የባቄላ ፍሬ፣ በአንዱ ካርቶንና መቀስ። ልጆቹ በቡድን እየዞሩ ክፍልፋይን ቆርጠው፣ እኩልታን መዝነው ይማሩ ነበር። «ሚዛን» የሚለው ቅጽል ስማቸውም ከዚያው መጣ። አንዲት እናት ግን ልጄን ትምህርት ቤት ላክሁ እንጂ ጉሊት አላስቀመጥሁም ብለው አጉረመረሙ።

በ2001 ዓ.ም. በስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ተማሪዎቻቸው ጣታቸውን በአየር ላይ ሲያንቀሳቅሱ ታዩ። ፈታኙ በምልክት መልስ ይቀባበላሉ ብለው አመለከቱ። ውጤቱ ታገደ። ልጆቹ ዓመቱን ሊደግሙ፣ እትዬም ከሥራ ሊሰናበቱ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ጎሪጥ ያያቸው ጀመር። እሳቸውም ቢሆኑ ልጆቹን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።

«አንድ በአንድ አስገብታችሁ ፈትኗቸው» አሉ ለፈተናው ኃላፊዎች፤ «እኔንም ከግቢ አስወጡኝ።»

እንዳሉት ተደረገ። መጀመሪያ የገባችው ልጅ ብቻዋን ግድግዳ ፊት ተቀምጣ፣ ክፍልፋዩ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ የሌለውን ካርቶን መቁረጥ ጀመሩ። ቀጥሎ የገባው ልጅ ባዶ መዳፎቹን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረገ። ምልክቱን የሚቀበል ሰው በክፍሉ አልነበረም። ውጤቱ ተለቀቀ፤ እትዬም በሥራቸው ቀጠሉ። ፈታኙ ይቅርታ አልጠየቁም፤ እትዬም ሰላምታቸውን እስከ መጨረሻው በግማሽ አንገት ነበር የሚቀበሉት።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ሐኪሙ የነገራቸውን በሌላ ሐኪም፣ የሁለተኛውንም በሦስተኛ አጣሩ። ሦስቱም አንድ ነገር ተናገሩ። የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ ጥርጣሬ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ያድልልን።

ትናንት እኚያ ፈታኝ ቤታችን መጥተው የአስከሬን ሳጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ ልሁን ብለው ለመኑ። ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ ከምናያቸው ቦታ ከፊት በኩል እንዲይዙ ፈቅዷል።