ያልበላሁት ጉበት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጠዋት በካምፑ መሮጫ ሃያ ዙር። ትከሻዬ ከብዶኛል። ዊልቸሩ ነው የከበደው ወይስ እኔ?

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ለቡድኑ ቅጽ አደለች። የአምስት ቀን ምግባችን፣ አንድም ሳይቀር። "ቫይታሚኑንም ማዕድኑንም ከዚያ ላይ ነው የማሰላው። እንዳትዋሹኝ ብቻ" አለች እየሳቀች።

ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ዐሥራ አራት ደረጃ። ሌሎቹ የጎደላቸው እጅ ወይ ዓይን ነው፤ በዊልቸር ያለሁት እኔ ብቻ። አሠልጣኙ "ጥሪን፣ እናወጣሻለን" ብሎኝ ነበር። የመጣሁ ቀን ጠራሁ። ሁለት ሆነው ተሸክመውኝ ስንገባ አዳራሹ ጸጥ አለ... ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ብስኩትና ሻይ።

ደረጃው ሥር የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ተለጥፏል። ቅጹ ላይ ገለበጥኩት። ምሳ፦ ጉበት፣ ጎመን፣ ብርቱካን። አንድ ሙሉ ሳህን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ምሳ፦ ምስር፣ እንቁላል፣ ሰላጣ። ወረቀት ላይ እየወፈርኩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የደም ውጤት። ብረት በጣም ዝቅተኛ። ቫይታሚን ዲም እንደዚያው። ባለሙያዋ ቅጼን አየች፣ ውጤቱን አየች፣ ተመልሳ ቅጹን። "የምትበዪው ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ ብረቱ የት ይገባል?"

ሐኪሙ ሆዴ ውስጥ የሚደማ ነገር እንዳይኖር ሰግቷል። በካሜራ ይታያል። እስኪታይ ውድድር የለም። ውድድሩ ኅዳር 8 ነው። አራት ዓመት የጠበቅኩት...

ልንገራት? ምን ብዬ? ደረጃ ፈርቼ?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ባለሙያዋ አስጠራችኝ። በሩን ዘጋች።

"ጥቅምት 5 ጉበት በላሁ ብለሻል።"

"አዎ።"

"ወጥ ቤቷን ጠየቅኋት። የዚያን ቀን ጉበቱ ሳይመጣ ቀርቶ ፓስታ ነው የቀረበው።"

ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው።

"ምን ነበር የበላሽው?"

"ብስኩት።"

"አምስቱንም ቀን?"

"ቅዳሜ ሙዝ ነበር።"

አልሳቀችም። "ደኅና ሆድሽን በካሜራ ሊበረብሩልሽ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ!"

ምርመራው ቀረ። ብረቱ ግን እስከ ውድድሩ አይሞላም። አሠልጣኙ ስሜን ሰረዘ። "ምናለ ብትጠሪኝ?" አለ። ድምፁ ቁጣ እንኳ አልነበረውም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የብረት ክኒን፣ በብርቱካን ጭማቂ። አሁን ሳህኑ ተሸፍኖ ወደ ክፍሌ ይወርዳል። ሁሉም ደግ ሆነዋል። ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። ከላይ ወንበር ይጎተታል፣ ይሳቃል... ምን አሳቃቸው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ቡድኑ ጠዋት ሄደ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ እጄን አውለበለብኩ። የቀረነው ያልተመረጥነው ነን። ብረቴ ትንሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ምሳ ሰዓት ወጥ ቤቷ ሳህኑን ይዛ መጣች። "እንኪ የኔ ልጅ፣ ሳይበርድ።"

እጄን አልዘረጋሁም።

"ምነው? ሳትቀምሺው ጨው በዛው?"

"እትዬ... ሳህኑን አያውርዱልኝ። እኔን ያውጡኝ።"

አየችኝ። ሳህኑን አልጋው ላይ አኖረች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። "አንገቴን ያዢ። ከድንች ጆንያ አትብሺም።"

ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከላይ ወሬው አልተቋረጠም።

"ላውርድሽ እንዴ?"

"አይ፣ እትዬ። ይረፉና እንቀጥላለን።"