የቁልቢው መንገድ ታኮ

ታኅሣሥ 10
ዛሬ ገበያ ወጥቼ ጃንጥላ ገዛሁ። ቀይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩት። ባሌ ጆቴ "ለምንድነው የተሳልሽው?" አለኝ። "ስለት ይነገራል?" አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ደግ ሰው ይመስላል... ከመስቀል ወዲህ እጁን አላነሳብኝም። የተሳልኩትም ይኸንኑ ነው። ከልጄ ከጋዲሴ በቀር ማንም አያውቅም። ሳለቅስ አግኝታኝ ነው የነገርኳት።

ታኅሣሥ 14
ሜካኒኩ ጆቴን "የእጅ ፍሬኑ አይይዝም፣ ማርሹም ይለቃል፣ በዚህ መኪና ተራራ እንዳትወጣ" አለው። ጆቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ታኮ የምታደርግ ሚስት አለችኝ።" እውነቱን ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር ጎማው ሥር የማደርገውን ድንጋይ ይዤ የምወርደው እኔ። ድንጋዩም ቦታው እግሬ ሥር ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ቁልቢ
ከንፈሬ አብጧል። ቢሆንም ልጻፈው።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ተራራውን መውጣት ጀመረ። ሲያምር... ደመናው ከበታቻችን። ጆቴ ደስ ብሎት ጋዲሴን "እስቲ ንገሪኝ፣ እናትሽ ምን ብላ ተሳለች?" አላት።

"አባዬ እንዳይመታት ብላ።"

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በቡጢ። በአንድ እጁ መሪ ይዞ። አንዴ አፌን፣ አንዴ ጆሮዬን። "መልአክ ፊት ከሰስሽኝ? እኔን? ሁላችንም ገደል እንገባለን!" ነዳጁን ረገጠ። ኩርባው ላይ ጎማው የገደሉን ጠጠር ሲያረግፍ ሰማሁ። ሕፃኑ ልጄ ምንተስኖት ከኋላ ይጮኻል። አንድ ጥርሴ እጄ ላይ ወደቀ። አልለመንኩትም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዳገቱ መሀል ራዲያተሩ ፈላ፣ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ረግጦ "ውረጂ፣ ታኮ አድርጊ። ከዚያ አሳይሻለሁ" አለኝ።

ድንጋዩን ይዤ ወረድኩ። የኋላውን በር ከፍቼ ጋዲሴን አወጣኋት። ምንተስኖትን አዘልኩ። ጃንጥላውን ያዝኩ።

"ታኮ!" ይላል። እግሩን ከፍሬኑ ካነሳ ከኋላው ገደል ነው። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። "ኤቢሴ፣ እባክሽ..." እባክህ እኮ የእኔ ቃል ነበረች፣ አሥር ዓመት ሙሉ።

ቆሜ አየሁት። እግሩ ይዝል ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልደብቅም፣ ጣፈጠኝ። ጋዲሴ ቀሚሴን ባትይዝ ኖሮ... እንጃ።

የተሳላሚዎች አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ ደሜን አይቶ ምንም አልጠየቀም። "እኛ ስንገባ አድርግለት" ብዬ ድንጋዩን ሰጠሁት። ታኮውን አድርጎ ተመለሰ። ጆቴ ሮጦ መጥቶ በሩን በጡጫ ደበደበ። አልተከፈተለትም።

ታኅሣሥ 19
ጃንጥላውን አስገባሁ።

ጥር 16፣ መቂ
ወንድሜ ፉፋ ቤት ነን። እሱ ሽንኩርት ያስጭናል፣ እኔ ጆንያ እሰፋለሁ። ዛሬ ጆቴ ሽማግሌ ላከ። ፉፋ በር ላይ መለሳቸው። "ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ቤትሽ ነው" አለኝ።

ማታ ጋዲሴ "ገብርኤል ስለትሽን ሰማሽ?" አለችኝ። በጥርሴ ባዶ ቦታ ምላሴን አሳለፍኩ። ከተራራው ወዲህ ማንም አልመታኝም።

"ሰማኝ" አልኳት።