አሥራ አምስተኛው ገልባጭ

ሰኞ፣ ጥር 6
የመጨረሻው ጠጠር ዛሬ ከግቢው ክምር ወጣ። አሥራ አራት ገልባጭ መኪና፣ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ሜትር ኩብ። ሁሉንም በእጄ መዘገብኩ። ከንብረት ያዥነት ደስ የሚለኝ ይሄ ነው... ገጹን መዝጋት። ጫማዬ ግን አቧራ ብቻ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7
ሌባ ተባልኩ።
ዋናው መሐንዲስ፣ ሠራተኛው "ሜትሮ" የሚለው፣ ክምሩ ገና ሳይነካ ለክቶ 180 ሜትር ኩብ ብሎ ነበር። የወጣው 168። "አንድ መኪና ሾልኮ ሄዷል። የበሩ ቁልፍ ያለው አንቺ ጋ ነው።" የድርጅቱ ባለቤት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እስከ ዓርብ አስረጂ። ካልሆነ ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ።"
አንድ መኪና ጠጠር! የት ከተትኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ?

ረቡዕ፣ ጥር 8
መዝገቡን አሥሬ አገላበጥኩ። ምንም።
እራት ላይ እማ፦ "እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።"
እሷም? ሳህኑን ትቼ ተነሣሁ።
ምሳ ስበላ ይሆን አንዱ መኪና ሳላየው ያለፈው? ሰው የሚያብደው እንዲህ ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 9
አገኘሁት! የሜትሮ የልኬት ወረቀት። ከታች 12 በ12፣ ከላይ 6 በ6፣ ቁመት 2። የታችና የላይ ስፋቱን ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ፣ በቁመቱ አባዝቶታል። 90 በ2... 180።
ክምር ሳጥን ነው እንዴ? ጫፉ የተቆረጠ ፒራሚድ ነው! ሁለት ሜትር ወጥቶ ጎኑ በግማሽ ከጠበበ፣ ጫፉ ባይቆረጥ ሌላ ሁለት ሜትር ይቀረው ነበር። ሙሉው፦ 144 በ4፣ ሲካፈል ለ3፣ 192። የሌለው ጫፍ፦ 36 በ2፣ ሲካፈል ለ3፣ 24። ሲቀነስ... 168።
የጠፋው ጠጠር መቼም ኖሮ አያውቅም።
ሮጬ ለሜትሮ አሳየሁት። "የኔ እህት፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የለካሁት። ደብተርሽን ለትምህርት ቤት።" ወረቀቴን አጥፎ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።
ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 10
ሜትሩን ወደ ሴንቲሜትር ለውጬ ክምሩን በካርቶን ሠራሁ። ገልባጩንም፣ 3 በ2፣ ቁመቱ 2። ክምሩን በሰፊው አፉ አሸዋ ሞልቼ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ራስዎ ጭነው ይቁጠሩ።" ሳቀ። ግን ጫነ። አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት... አሥራ አራት። አለቀ።
ሜትሮ መሬት መሬት ያያል።
"እሺ፣ ሥራሽን ቀጥይ" አለኝ ባለቤቱ። "ለማንም እንዳታወሪ።"
ለምን እንዳላወራ? በሩ ላይ ስደርስ ገባኝ። ከኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ንብረት ያዥ የተባረሩት በአንድ መኪና ጠጠር ነው። "የሌባው ወንበር" ብለው ሲሰጡኝ ስቄ ተቀመጥኩበት። እኔ!
የድሮውን ፋይል አወጣሁ። ያው የሜትሮ እጅ ጽሑፍ። ያው ስሌት።

ቅዳሜ፣ ጥር 11
ካርቶኖቹንና አሸዋውን ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ራሳቸው ጫኑ፣ ራሳቸው ቆጠሩ። ሁለቴ። ከዚያ ባዶውን ካርቶን ገልብጠው አራገፉት።
"ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ... ያኔ በሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል እያልኩ ነበር።"

ሰኞ አብረን እንገባለን። አይከፈትላቸውም ይሉ ይሆናል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው።