ለወለተ ሰማዕት የመጣ ስጦታ

ቁስቋም፣ ጉለሌ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዕለት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለትሕትና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ ከዚህ ይሻላል አይደል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸቴን ከፊቴ ላይ ታነቢዋለሽ፣ ወረቀት ላይም የሚጠፋሽ አይመስለኝም። ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ዳገቱን ስወጣ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ግን ፈርቻለሁ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አትምጪ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሐመልማል ናት። ሙዝ ልትጭን ነገ ጠዋት ባዶ መኪና ይዛ ወደ አርባ ምንጭ ትወርዳለች። እንደተስማማነው በስልክ ስምሽንም አልጠራም። ዛሬ የግቢው ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ለንግሥ ወጥቷል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ገብርኤል ይቅር ይበለኝ። በሩን ቀርቅሬ፣ ሙቀጫውን ከኋላው አስጠግቼ ነው የምጽፍልሽ። ድመቷ ጣራው ላይ በሄደች ቁጥር እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ።

የሥራ ቦታዬን ወሬ ትወጂያለሽና ከዚያ ልጀምር፤ ነገሩም የመጣው ከዚያው ነው። ድርጅታችን ድንገቴ ዘንድሮ ሰው በዝቶለታል። ከዊንጌት ገባ ብላ ያለችው ሁለት ክፍላችን በካርቶን ተሞልታ መቆሚያ የለንም። መሥሪያ ቤቱም ተማሪውም ይመዘገባል፣ ኮምፒውተሩ እጣ አውጥቶ ለእያንዳንዱ ሚስጥራዊ ጓደኛ ይሰጠዋል፣ ሰጪው ስጦታውን ይልክልናል፣ እኛ ጠቅልለን እናደርሳለን። ተቀባዩ ስጦታውን ይዞ ፎቶ ይነሣና ለሰጪው ይላክለታል። የሰጪው ስም ግን ገና ዕለት ካልሆነ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ የማንቂያ ሰዓት ደረሰውና፣ ላኪውን ካልነገራችሁኝ ብሎ ከነክራቫቱ ቢሮአችን ድረስ መጣ። የድርጅቱ ባለቤት ሄራን፣ ዕድሜዋ ካንቺ አይበልጥም፣ «ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ ስም የሚፈታው ገና ዕለት ነው» ብላ በሻይ ሸኘችው። አርፋጅ ነው አሉ። እኔና ቦና፣ ኮምፒውተሩን የሚሠራው ልጅ፣ ካርቶን ውስጥ አንገታችንን ቀብረን ሳቅን። የዚያን ቀን ሳቄ አሁን የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ዘንድሮ ሄራን አንድ ነገር ጨመረች። ገጹ ላይ «ሰው የራቃቸው» የሚል ቦታ ከፈተች። በበዓል ብቻቸውን የሚውሉ ሰዎች ስማቸውና የሚወዱት አንድ ነገር ይጻፋል፤ ከተማም ስልክም አይወጣም። ያዘነላቸው ሁሉ ከዚያ አንዱን ይመርጥና ስጦታ ይልካል። ለእኛ ለሠራተኞቹም፣ የምታስቡት ሰው ካለ ጻፉ ተባለ። እኔ ከአንቺ ሌላ ማንን አስባለሁ? ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ጥልፍ እየጠለፍሽ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በርሽን ዘግተሽ ስትውዪ ይታየኛል። አንድ የማያውቅሽ ደግ ሰው ለገና በርሽን ቢያንኳኳ ብዬ ተመኘሁ።

ትሕትና ብዬ አልጻፍኩም፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የክርስትና ስምሽን ጻፍኩ። ወለተ ሰማዕት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። የክርስትና ስም ማን ያውቃል? ሲጠመቁ ይጠራል፣ በተክሊል ይጠራል፣ በመጨረሻ ለፍትሐት ይጠራል፤ ከዚያ ውጭ ተከድኖ ነው የሚኖረው። ከሥሩ የምትወጂውን ጻፍኩ፦ ሐምራዊ የጥልፍ ክር። ተክሊሉን ረሳሁት ልጄ። ካህኑ አክሊል ደፍተውልሽ በስምሽ ሲጸልዩ አጠገብሽ ቆሞ የሰማው ማን እንደነበረ ረሳሁት። እጄ በተቆረጠ።

ረቡዕ ከሰዓት ስለሺ መጣ። ባልሽ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ላየው ሰው ለሠርጉ የሚሄድ ሙሽራ ይመስላል። ክንድሽን በሰበረበት እጁ አንድ የታሸገ ካርቶን ይዟል። «እማማ፣ እንደምን ከርመዋል?» ብሎ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቴን ሊስም። ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ጠረጴዛው ያዘኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

«ለበዓሉ አንድ ብቸኛ ሰው ላስደስት ብዬ ነው» አለ። ስልኩን አወጣና አየ፣ ማየት የሚያስፈልገው ይመስል። «ወለተ ሰማዕት ነው የሚለው። ያውቋታል?»

«እኛ ሰዎቹን አናውቅም። ስም ብቻ ነው የምናየው።»

«ለነገሩ ሚስጥር ነው» ብሎ ሳቀ። «ግን የት አገር ናት?»

ቦና የዋህ ነው። «ቆይ ልይልዎት» ብሎ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሲሰድ፣ ሄራን ከውስጥ ክፍል ሆና «ቦና፣ ለሰጪ አድራሻ አንናገርም» አለች። ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም፣ ደንቧን ነው የተናገረችው። ያቺን ልጅ ማርያም በልጅ ትባርካት።

«ይሁን» አለ ስለሺ። «እሽጉ ብቻ እንዳይከፈት። ስትቀበል የሚነሣውን ፎቶ እጠብቃለሁ።» ሄዶ ይጠብቃል ብዬ ነበር። አልሄደም። ስጠቀልልለት ቆሞ አየኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ተቀደደ፣ ሌላ አመጣሁ፣ ፕላስተሩ ከጣቴ ጋር ተጣበቀ። «እማማ፣ እጅዎ ደክሟል» አለ። ሪባኑን ስቋጥር ጣቱን ቋጠሮው ላይ አስቀምጦ ያዘልኝ። ያ ጣት አሁንም ድረስ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል፣ ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ አለኝ። ሲወጣ «የትም ብትሆን ይድረሳት» አለኝ። ያንቺን ክንድ በጨርቅ አንጠልጥዬ ከቤቱ ያወጣሁሽ ዕለትም «የትም ብትሄድ አገኛታለሁ፣ ሳገኛት በእግሯ አትመለስም» ያለው በዚሁ በለሰለሰ ድምፅ ነበር።

እሱ ከወጣ በኋላ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የአርባ ምንጭ ዕቃ በማግስቱ በአውቶቡስ የሚሄድ ነበር፣ ቦና የአድራሻውን ወረቀት ሊለጥፍበት ሲያነሣው ቆም አለ። «ማዘር፣ ይሄ ነገር ቫይብሬት እያደረገ ነው።» እኔም እጄን ጫንኩበት። እውነቱን ነው፣ ከወረቀቱ ሥር እንደ ተዘጋበት ንብ ያጉረመርማል። ያኔ ሁሉንም ለሄራን ነገርኳት፤ ስምሽን፣ ክንድሽን፣ ለምን እንደሄድሽ። ድንገቴ ከተከፈተ ጀምሮ የታሸገ ስጦታ ከፍተን አናውቅም ነበር። ከፈትነው። ውስጡ ስልክ ነበር፣ የበራ ስልክ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ከፓወር ባንክ ጋር ታስሮ። ያሰረው በምን መሰለሽ? በሐምራዊ የጥልፍ ክር።

ቦና ፊቱ አመድ መሰለ። «ማዘር፣ ይሄ የሄደበትን ሁሉ እዚህ ለተቀመጠው ሰው ያሳያል። ቤቷ በር ድረስ።» ያን ዕለት አድራሻሽን ሊናገር ሲል ሄራን ያስቆመችው እሱ ስለሆነ፣ አሁን ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። እኔ ግን አልተቀየምኩትም፣ ጥፋቱ ከእኔ አይበልጥም።

ሄራን ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። «ካጠፋነው አወቁብኝ ብሎ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይብራ። እኔ ቤት እወስደዋለሁ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ቤት? እዚያ ተደብቃለች ብሎ ቢመጣስ?»

«ቢመጣ ልጄን አያገኛትም» አልኳት።

ሄራን ዝም አላለችም፣ ይዛኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። አንድ ወጣት ፖሊስ ቃሌን በትህትና ተቀበለኝ፣ ጻፈልኝም። ግን «ስጦታ አመጣ እንጂ እስካሁን ምን አደረገ፣ እናት?» አለኝ። እስካሁን የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሄራን እሷ ቤት እንድሰነብት ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። እኔ ከዚህ ከሄድኩ ስልኩም ይሄዳል፣ ስልኩ ሲንከራተት ካየ ደግሞ እንዳታለልነው ይገባዋል። እዚህ ተቀምጦ ሲያየው ግን ይቺ ባልቴት ልጇን ጓዳ ደብቃ ኖሯል ይላል። ዓይኑ እዚህ እስካለ ድረስ ወደ ደቡብ አያይም።

ይኸው ስልኩ አጠገቤ ነው። ፓወር ባንኩ ስላለቀ ግድግዳው ላይ ሰክቼዋለሁ። ትናንት መብራት ሲሄድ ከጨለማው ይልቅ የሱ ባትሪ አስጨነቀኝ፣ እስቲ አስቢው። አሁን ይህን መስመር ስጽፍ ራሱ ነዘረ፣ ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ብርጭቆዬን ነካ። አላነሣሁትም። ሲቆም ደግሞ ከመንዘሩ ይልቅ ዝምታው ያስፈራኛል።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ሸፊ ከሱቁ ወጥቶ ጠራኝ። «እትዬ ብርቅነሽ፣ አንድ ሰውዬ ለስላሳ ገዝቶ እዚህ ቆሞ ነበር። ልጃቸው ተመልሳለች ወይ አለኝ። እኔ እንጃ፣ የሰው ቤት አላይም አልኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመጣ እንደሆነ የግድግዳውን ቆርቆሮ ይምቱት። ሱቄ ሰማይ ቢወድቅ ዛሬም ነገም አይዘጋም» አለኝ። አላህ ይስጠው። መዶሻዋን አልጋዬ ራስጌ አድርጌያታለሁ፣ ለቆርቆሮው ነው።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ካለሽበት አትንቀሳቀሺ፣ የት እንዳለሽ አያውቅም። ማንም ዕቃ ቢያመጣልሽ አትቀበዪ፣ የእኔ ስም ቢኖርበትም አትቀበዪ። ከሐመልማል እጅ ካልሆነ ከእኔ የመጣ ነገር የለም። ገጹ ላይ ያለው ስምሽ አልተነሣም፣ ከጎኑ «ሰጪ አግኝታለች» ይላል፣ እንዳይጠረጥር ብለን ነው። እስከ ገና ፎቶውን ይጠብቃል። ፎቶው እንደማይመጣለት ሲገባው ምን እንደሚያደርግ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ባልጽፍልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ዋሸችኝ ከምትዪኝ ፈራች ብትዪኝ ይሻለኛል።

በሐመልማል እጅ ጋቢዬን ልኬልሻለሁ። ክርም አለበት፣ ሐምራዊ፣ እኔው ራሴ የገዛሁት ነው፣ እሱ የነካው አይደለም፣ ሳትሰቀቂ ጥለፊበት። የአንገቴ መስቀልም ከጋቢው ጫፍ ተቋጥሯል። ማተቡ ስለሳሳ ከሚጠፋብኝ አንቺ ጋ ይቀመጥ ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ። ጾሙን አታክብጂው፣ ሆድሽን ታውቂዋለሽ። ለአከራይሽም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እንደ ልጃቸው ስላዩሽ እግራቸውን እስማለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። እናትሽ ታማለች ብለው ቢነግሩሽ አትምጪ። ከዚያ የባሰ ቢነግሩሽም አትምጪ። ሐመልማል በራሷ አፍ ነይ እስክትልሽ ድረስ፣ ማንም ቢያለቅስልሽ፣ ከዚያ አትውጪ። ይህን እሺ በዪኝ። እዚያ ሆነሽ እሺ ስትዪኝ እዚህ ይሰማኛል።

የቁስቋሟ እመቤት ከስደት እንደተመለሰች አንቺንም በሰላም ትመልስልኝ። ጥላዋ ይክደንሽ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ፣ የሚፈልግሽ ክፉ ዓይኑ ይታወር። አሜን በዪ።

የምትወድሽ እናትሽ
ብርቅነሽ

የክርስትና ስሜን ጠይቀሽኝ አታውቂም። አስካለ ማርያም ነው። ያዢው።