ትራስ ሥር ያለችው ግማሽ ክኒን

ውድ ጋሽ ሻዕባን፣

ስልክዎን ዘግተው ሆሞሻ ከተማ ልጅዎ ሳና ቤት መክተትዎን ሰማሁ። በስልክ ባጣዎ ጻፍሁልዎ፤ ሳና ታነብልዎታለች። አባዬ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይኼን ይስሙ፣ ከዚያ ያኩርፉ።

ያን ዕለት ምላሱ ተሳስሮ ደጃችን ላይ ሲወድቅ፣ በባጃጅ ደግፈን ሆስፒታል ያደረስነው እኔና እርስዎ ነን። ሐኪሙ «ግፊቱ አሻቅቦ አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቷል። የራስ ቅሉን ከፍተን የፈሰሰውን ደም ካላወጣን አይተርፍም፤ ብናወጣም ዋስትና የለኝም» ሲለን የፈቃድ ወረቀቱን ይዤ ወደ እርስዎ ዞርሁ። «ፈርሚ ልጄ፣ አላህ አለ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቀጥሎ ሐኪሙ መድኃኒቱን በደንብ ይወስድ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ማንም ሳያስገድድዎ ተናገሩ፦

«ዶክተር፣ ወላሂ፣ የኔ ክኒን አለቀ፣ ፋርማሲ ጠፋ። ዳምጠው የሱን ሰበረ፣ ግማሽ ለኔ ሰጠ። ሁልጊዜ እንደዚያ በላን።»

ወንድሜ የሻው «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!» ብሎ የጮኸብዎ ያኔ ነው። እርስዎም ኮፍያዎን አንስተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላየንዎትም።

ጋሽ ሻዕባን፣ እኛ ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር የማሽላ ዘር ያካፈሉን እርስዎ ነዎት። እናቴ ነፍሷን ይማርና «እነዚህ ሰዎች ያልተካፈሉት ሚስት ብቻ ነው» እያለች ትስቅባችሁ ነበር። አባዬ ክኒን ቢያካፍል ምን ይገርማል? ግማሽ ክኒን ግን ለሁለታችሁም አልሆነም። ሐኪሙን የእርስዎም ግፊት ያሰጋዋል።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። ቀኝ ጎኑ ገና አይታዘዝም፣ ንግግሩም አልተመለሰለትም። ነርሷ ክኒን ስትሰጠው ግን በጥርሱ ለሁለት ይሰብርና ግማሹን በግራ እጁ ትራሱ ሥር ይከታል። ብንቆጣው፣ ብንለምነው እምቢ አለ። ለማን እንደሚያስቀምጥ ስጠይቀው በዓይኑ በሩን ያሳየኛል። የሻው ትራሱን አንስቶ ያንን ሲያይ ወጥቶ አለቀሰ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎ እሱ ነው። አፍሮ ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ይቆጡት፣ ግን አብረውት ይምጡ። ግፊትዎን እዚህ ይለኩ፣ የራስዎ ክኒን ይታዘዝልዎ። ከዚያ አባዬ እያየዎት ሙሉውን ይዋጡ። እሱም ሙሉውን የሚውጠው ያኔ ነው።

ወንበርዎን አልጋው አጠገብ አድርጌ የምጠብቅዎ፣
ልጅዎ አሰለፈች ዳምጠው
አሶሳ