መቀስህ የበላቸው ፎቶዎች

ለባለቤቴ ለታደሰ፣

አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ነህ? አፈሩስ ቀለለህ? ከተለየኸን አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ጽፌልህ አላውቅም። ዛሬ መጻፌ ናፍቆት ገንፍሎብኝ እንዳይመስልህ። ናፍቆቱስ ሁልጊዜም አለ። ዛሬ ያስጻፈኝ ንዴት ነው። ብትኖር ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ እለቅብህ ነበር፤ የለህምና ወረቀቱ ይቻለው።

ልጃችን ሜሮን ልታገባ ነው። አንተ ስትሄድ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የነበረችው ሜሮን! አሁን ነርስ ሆናለች፤ ቁመቷ ባንተ ወጥቶ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። እጮኛዋ የሁሩታ ልጅ ነው፣ ናኦል ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ብታየው ትወደው ነበር። ቤተሰቦቹ ጴንጤዎች ናቸው። እኅትህ እትዬ ፀዳለ ይህን ስትሰማ አኩርፋ ሰነበተች፤ ልጁ መጥቶ ጉልበቷን ሲስማት ግን ኩርፊያው የት እንደገባ እንጃ። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው።

ያንተ ጊዜ ሠርግ ድንኳን ጥሎ ሰው ማብላት ነበር። አሁን አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ይሰቀልና ሙሽሮቹ ከተወለዱ ጀምሮ የተነሱት ፎቶ በሙዚቃ ታጅቦ እየተቀያየረ ይታያል። ስላይድ ሾው ይሉታል። ይህ ከሌለ ሠርጉ ሠርግ አይደለም፤ እንግዳው ከጥብሱ ይልቅ እሱን ነው የሚያማው።

ሜሮን ከኔ የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው። እማዬ፣ ፎቶውን አንቺ አዘጋጂልኝ፣ አባቢ በደንብ የሚታይባቸውን አብዢልኝ አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ላመጣው ስሞክር እንቢ ይለኛል አለች። ታዴ፣ የተውክልኝ አንድ ልጅ ነው። ለሷ የአባቷን ፊት ካላገኘሁላት ምኑን እናት ሆንኩ ብዬ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ።

ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ረስቼው ነበር እኮ፤ እውነቴን ነው፣ ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ንግድ ፈቃድ ሲታደስ ጉርድ ፎቶ ይሉሃል። ለዕድር ጉርድ ፎቶ። ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ። ሌላው ሰው ወግ ነውና ፎቶ ቤት ሄዶ ይነሳል። አንተ ግን ከጎሚስታ ቤትህ ለጎማ መለጠፊያ ላስቲክ የምትቆርጥበትን መቀስ ይዘህ ትመጣና ከአልበሙ አንዱን መዘህ ጭንቅላትህን ቆርጠህ ትሄዳለህ። ስጮህብህ ደግሞ፣ ፊቴ ያው ፊቴ ነው፣ ፎቶ ቤት ስሄድ ሌላ ሊሰጡኝ ነው? ትለኝ ነበር። እኔም ሞኟ እስቅ ነበር።

የሠርጋችን ፎቶ ላይ ቬሎዬን ለብሼ፣ አበባዬን ይዤ፣ ከአንገት በላይ ከሌለው ሱፍ ጋር ቆሜያለሁ። በሜሮን ክርስትና ቀን ልጅቷን የታቀፋት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ሶደሬ ሄደን የተነሳነውንስ! ቁምጣ ብቻ ለብሰህ ከውኃው የወጣኸውን ለዕድር ቆርጠህ ሰጥተኸዋል። የዕድሩ ጸሐፊ ራቁት ትከሻህን እያየ እንዴት አድርጎ እንደመዘገበህ እግዜር ይወቅ። አንድ መቀሱ የሳተው አገኘሁ ብዬ በደስታ ልዘል ስል፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ጀርባህን ሰጥተህ የሰው መኪና ጎማ ትፈታለህ። ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?

የናኦል አባት አቶ ገመቹ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የልጃቸውን ፎቶ በፍላሽ ላኩልኝ፤ ከጨቅላነቱ እስከ ምርቃቱ፣ በየዓመቱ ተለይቶ፣ አባትና እናት ግራና ቀኝ ሙሉ ፊታቸው እየታየ። ደሜ ፈላ። እሳቸው ምን አጠፉ፣ የፈላብኝስ ባንተ ነው።

ከዚያማ ፊትህን ፍለጋ አሰላን በባጃጅ አዳረስኳት። የዕድሩ ዳኛ፣ የድሮው ወረቀት ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ተጣለ አሉኝ። የንግድ ፈቃድ ቢሮዋ ልጅ ደግሞ፣ ፋይሉ ሊኖር ይችላል፣ ማመልከቻ ጽፈው ከሁለት ጉርድ ፎቶ ጋር ያምጡ አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ባስረዳት እብድ ናት ትለኛለች ብዬ ወጣሁ። መንጃ ፈቃድህም ጠፍቷል፤ የቀረኝ መታወቂያህ ብቻ ሆነ። እሱም ላይ ማኅተሙ ቦታ የጠፋ ይመስል አፍንጫህና አፍህ ላይ አርፏል፤ ከዓይን በላይ ያለው ተልጦ የሚታየው ሁለት ዓይን ብቻ ነው።

ቪዲዮውን የሚሠራልን አብዲ ይባላል፤ ሱቁ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ነው። በኦሮምኛ ሃዳ ሜሮን፣ የሜሮን እናት፣ እያለ ያከብረኛል። አያስቡ፣ ቀዳዳውን በኤአይ እሞላዋለሁ አለኝ። ኤአይ ማለት ኮምፒውተሩ ከራሱ ገምቶ ሰው የሚፈጥርበት ነገር ነው። ከመታወቂያህ ዓይንህን ወሰደና የቀረውን ፈጠረው። ና እና ጉድህን እይ! ጥርሱ እንደ በቆሎ የተደረደረ፣ ቆዳው የለሰለሰ፣ የባንክ ማስታወቂያ ላይ የሚቆም ሰውዬ ቬሎ ከለበስኩት ከኔ ጎን ቆሟል። እንዲህ ዓይነት ፊት ቢኖርህ ኖሮ እኔን ታገባ ነበር?

ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም። ሜሮን ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችውና፣ አባቢ እንዲህ ነበር እንዴ? አለችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። የገዛ አባቷን ከማታውቀው ሰው መለየት አቅቷት ጠየቀችኝ። አጥፋው! ብዬ ጮህኩ። አብዲ ደንግጦ ኮምፒውተሩን ራሱን አጠፋው።

የሙዚቃው ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው። እትዬ ፀዳለ የኛ መዝሙር ካልሆነ አዳራሹን አልረግጥም ትላለች። አቶ ገመቹ በትሕትና፣ የኛ መዝሙር በኦሮምኛ ቢሆን ደስ ይለናል፣ ብቻ ዘፈን እንዳይሆንብን አሉ። አብዲ አንዲት የፒያኖ ዜማ አለችው፤ ለሠርግም ለሙት ዓመትም እሷኑ ነው የሚለጥፋት። ሜሮን፣ የአባቢ የሆነ ነገር ይሁንልኝ አለች። ፎቶዎቹን ወለሉ ላይ በዕድሜ ስደረድር እትዬ ፀዳለ መጥታ በዝምድና ትደረድራቸዋለች፤ አብዲ ደግሞ ሲረዝም ሰው ይሰለቻል ብሎ ግማሹን ያነሳል። ሁሉም ያዘኛል፣ ማንም አያግዘኝም። በዚህ መሃል አንተ በሰላም ተኝተሃል!

ያኔ የክርስትናዋ ካሴት ትዝ አለኝ። ያን ቀን አንተ መዝሙር እያወጣህ ቤቱ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ሲቀበልህ የተቀዳው። ከሣጥኑ ሥር አገኘሁት፤ በገዛ እጅህ የሜሮን ክርስትና ብለህ ጽፈህበታል። ተመስገን አልኩ። አሁን ደግሞ የሚያጫውተው ቴፕ ከከተማው ጠፋ። በመጨረሻ ደንበኛህ የነበሩት ጋሽ ቱፋ፣ የድሮው አይሱዙዬ ዛሬም አለ፣ ቴፑም ይሠራል አሉኝ። ነፍሱን ይማረው፣ ለዚህ መኪና ያልለጠፈው ጎማ የለም ብለው በሩን ከፈቱልን። እኔ፣ ሜሮንና አብዲ ጋቢናው ውስጥ ተጣበን ገባን። አብዲ ለመቅዳት ስልኩን አስጠጋ። ካሴቱ ተንኮሻኮሸ፣ ተንኮሻኮሸና ኳስ!

ክርስትናዋ ላይ የሬዲዮ ኳስ ቀድተህበታል፣ ታደሰ! ስንት ባዶ ካሴት ባለበት አገር! ፎቶህን ቆርጠህ ጨረስክ፣ የቀረውን ድምፅህን ደግሞ በኳስ አጠፋኸው። ምን በደልኩህ? ለልጅህ ምን ልታስቀርላት ነበር?  ቴፑን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ሜሮን ያዘችኝ።

ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስቀምጠህ ነበርና የምትቀዳው የቤቱ ድምፅ ሁሉ አብሮ ገብቷል። ድስት ይንኳኳል፣ ጋሪ ያልፋል። ከዚያ አንተ። ይሄ ዳኛ ዓይኑን የት ጥሎት ነው የመጣው! እያልክ ትጮሃለህ። ስንት ዘመን ያልሰማሁት ድምፅ፣ ያው የፈረደበት ጩኸት። ሬዲዮው ሲያንሿሿ፣ ሜሪዬ፣ ነይ አንቴናውን ያዢልኝ፣ ከፍ አድርጊው፣ ይኸው! በቃ እንዳትነቃነቂ አልክ። ቀጭን ድምፅ፣ እጄ ደከመኝ እኮ አባቢ አለች። ትንሽ ብቻ፣ የኔ አንበሳ፣ ሊያልቅ ነው አልካት።

ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያመማት መስሎኝ ነበር። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር አለች። አንቴናውን ይዤ የማየው እሱን ነበር። ሲናደድ ከንፈሩን ይነክሳል። ጥርሱ ፍንጭት ነው። አንዱ ቅንድቡ ግማሹ የለም፣ የሌለው በግራ በኩል ነው። እማዬ፣ መጣልኝ፣ እያየሁት ነው አለችኝ።

ታዴ፣ የባትሪ አሲድ ያቃጠለውን ቅንድብህን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እኔ! ልጅቷ ናት ያስታወሰችኝ። እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን፤ አብዲም የሚያደርገው ጠፍቶት መስኮት መስኮቱን ያያል።

እሑድ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ፎቶዎቹ ከነቀዳዳቸው፣ ከሥራቸው ያ ካሴት። አብዲ የሬዲዮውን ጫጫታ ላጽዳው ቢለኝ ንክች እንዳታደርግ አልኩት። እትዬ ፀዳለ ድምፅህን ስትሰማ ወንድምዬ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ገባች፤ ስለ መዝሙሩም ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለች። የፈራሁት አቶ ገመቹን ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አደመጡና፣ ኳስ እንግዲህ ዘፈን አይደለም፣ ምን ይደረጋል አሉ። ከዚያ እስኪያነቡ ሳቁ።

የተረፈውን ካሴት አብዲ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ማንም በሌለበት እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሰማሁት። ቡድንህ ተሸንፏል። እንዲያ ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ጮኸህ፣ ልጄን አንቴና አስይዘህ አቁመህ፣ ክርስትናዋን አጥፍተህ፣ ለዚህ! ኳስ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ዛሬም አልወድም። ዕድሜ ይስጠኝ እንጂ ይህን የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ እስክሞት ድረስ እየደጋገምኩ እሰማልሃለሁ።

ባለቤትህ አልማዝ